ቅቤ የጠጣው ጣውላ

ባለቤቴ በርጩማ ጠራቢ ነበር። እሱ ይጠርባል፣ እኔ ቅቤ እቀባለሁ፤ ቅቤ ያልጠጣ በርጩማ ይሰነጠቃላ። አርባ ዓመት እንዲህ ኖርን። ካረጀ በኋላ ግን የግቤ ግድብ ውሃ ላይ ዓሣ አጠምዳለሁ ብሎ ያገለገለች የፋይበር ጀልባ ገዛ።

"አንተ ጃርሳ፣ በሽምግልናህ? ዋና እንኳን አትችልም" ስለው፣ "ጀልባዋ ትችላለች" ይለኛል።

አንድ ክረምት የጀልባዋ የኋላ ግድግዳ፣ ሞተሩ የሚንጠለጠልበት፣ ተሰነጠቀ። በአይሱዙ ጭኖ ጅማ ግቢያችን ድረስ አመጣት። ጎረቤት ሁሉ አጥር ላይ ተንጠላጠለ። "ጅማን ጎርፍ ሊወስዳት ነው፣ ከአሁኑ ቦታ ያዙ" አልኳቸው።

ፋይበሩን ከውስጥ በኩል ቆርጦ ሲያነሳው፣ መሃል ያለው እንጨት እንደ ራሰ ዳቦ በስብሶ እጁ ላይ ቀረ። በምትኩ የዋንዛ ጣውላ ለክቶ ጠረበ። እንዲያ ደስ ብሎት ሲሠራ ካየሁት ቆይቶ ነበር። ጣውላውን ስንት ቀን ፀሐይ ላይ አደረቀው፤ ዶሮ እንኳን እንዳይወጣበት ይጠብቃል።

ዓርብ ለጁምዓ መስጊድ ሲሄድ እኔ ምን አደረግሁ? ቅቤ አቅልጬ ጣውላውን እያገላበጥኩ አጠጣሁት። ሳይሰነጠቅ ሲቀርለት እነግረዋለሁ ብዬ ወልውዬ አስቀመጥኩት።

መጣና "ጠቆረሳ" አለ። ዓይኑ ደክሟል።

"ፀሐይ ነዋ። አንተስ መች ነጣህ?"

ሳቀ። ሙጫውን ከማድረቂያው ጋር በጥብጦ፣ የፋይበር ጨርቁን እየደራረበ ለጠፈበት። ያ ሙጫ ቅባት ካገኘ እንደማይዝ እኔ ከየት አውቄ።

ጀልባዋን መልሶ ግድቡ ላይ ባወጣት ቀን፣ ሞተሩ ውሃው መሃል ግድግዳውን ገንጥሎ ሰመጠ። ባለቤቴን ሌሎች ዓሣ አጥማጆች ጎትተው አወጡት፣ አልሐምዱሊላህ። ጀልባዋ ግቢ ስትመለስ ግን ፋይበሩ ከጣውላው ላይ እንደ ሙዝ ልጣጭ ተላቅቋል። ጣቴን ሳሳርፍበት ሙልጭ አለ። ያኔ ገባኝ።

እሱ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ እጁን ያያል። "የማድረቂያውን ልክ ስቼ ነው" አለ። "ይንቀጠቀጣል፣ አየሽ? ይሄ እጅ አብቅቷል።"

እኔ፣ ለቅሶ ቤት እንኳን አፌን የማልይዘው፣ የቅቤውን ነገር ሳላነሳ ወደ ጓዳ ገባሁ።

በሳምንቱ መጋዙን፣ መሮውን፣ መጥረቢያውን ለጎረቤት ጠራቢ ሰጠ። ሰውየው ተሸክሞ ሲወጣ ሳይ አልቻልኩም።

"እኔ ነኝ። ጣውላውን ቅቤ ቀባሁት። እጅህ ምንም አልሆነም" አልኩት።

አየኝና ፈገግ አለ። "አይ አንቺ። ልታጽናኚኝ ነው።"

"ወላሂ እልሃለሁ።"

"አምናም ወላሂ ብለሽ፣ ከሰቃ የመጣ አንድ ሰው ልጁን ሊድርልህ በር ላይ ቆሟል አላልሽኝም? ሱሪ ቀይሬ ወጣሁ እኮ።"

እውነቱን ነው፣ ብያለሁ። ሳምንት ሙሉ ስቄበታለሁ።

ቅቤ ያቀለጥኩበትን ድስት አመጣሁለት። "ድስት ደግሞ መሰከረልሽ" አለ። በልጆቻችን ማልኩለት። ከዚያ በኋላ መሳቁን ተወ።

"በቃ፣ ማሎ፣ አታጽናኚኝ፣ ተይኝ" ብሎ ለመነኝ። እጁን ልይዘው ስል ጋቢው ውስጥ ከተተው።

ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ሲኒ እንኳን አያነሳም ነበር። ሁለት ረመዳን አብረን ጾምን፣ ከዚያ ታመመ። ፍራሹ ላይ እንደተኛም ጆሮው ሥር ጠጋ ብዬ ነገርኩት፣ ቅቤው ነው፣ እኔ ነኝ አልኩት።

"እሺ" አለኝ፤ ለሕፃን እንደሚባለው ያለ እሺ።