የሁለቱ ወሬ

እቀናለሁ። «በምስኪን ወንድሟ ትቀናለች እንዴ?» የሚለኝን ሰው «አቦ ተወኝ!» ነው የምለው። እኔ ቤት አላደገ፣ ምን ያውቃል?

ታናሽ ወንድሜ ገና አፉን ሳይፈታ ትኩሳት ጆሮውን ወሰደበት። በእጅ የሚያወሩትን ወሬ ከትምህርት ቤት አላመጡትም፤ እሱና እማዬ ግቢያችን ውስጥ ለራሳቸው የፈጠሩት ነው። ቀፊራ ገበያን ለማለት አፍንጫቸውን ያሹና እንደ ማስነጠስ ያደርጋቸዋል፤ ከበርበሬው የተነሳ መሆኑ ነው። ወሬኛዋ ጎረቤታችን ስትነሳ ጆሮን ወደ ግድግዳ መለጠፍ ነው። ይሄን ያህሉን አውቃለሁ። የቀረው የሁለቱ ብቻ ነበር።

እኔ ድሬ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ። ከአትክልት ሻጯ ጋር በኦሮምኛ እከራከራለሁ፣ ከሶማሌዋ ጎረቤቴ ጋር በሶማሊኛ እስቃለሁ። የገዛ እናቴ ቋንቋ ግን እምቢ አለኝ። ስሞክር ሁለቱም ይስቁብኛል። እነሱ እንባቸው እስኪመጣ ሲስቁ «ምን አለሽ?» ካልኳት እማዬ ዓይኗን በሻሿ እየጠረገች «ተይው፣ በአፍ ሲነገር አያስቅም» ትለኛለች። ሳኮርፍ ደግሞ «አንቺ ጆሮ አለሽ፣ አፍ አለሽ፣ ምን ጎደለሽ?» እሷ ነበረች የጎደለችኝ። ወላሂ፣ እሷው ነበረች!

አግብቼ ከከተማው ዳር መልካ ጀብዱ ስገባ ተገላገልኩ ብዬ ነበር። የታለ መገላገል?

ከዚያ እማዬን ደም ግፊት ጣላት። ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አለ፣ አፏም ተሳሰረ። ሆስፒታል ጠዋቱን ሙሉ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ጆሮዬን ከንፈሯ ላይ ለጥፌ ዋልኩ። የሚወጣው «እ... እ...» ብቻ ነው። ወንድሜ ታይዋን ገበያ ሱሪ ከሚያሳጥርበት ቦታ ክሩ ልብሱ ላይ እንደተንጠለጠለ እየሮጠ መጣ። እማዬ ግራ እጇን ትንሽ አነሳች። እሱ ወዲያው ሻሿን ከትራስጌ አንስቶ ራሷን ሸፈነላት። ለካስ ወንድ በሚገባ በሚወጣበት ክፍል ፀጉሯ ተገልጦ ኖሯል ስትጨነቅ የዋለችው! እሷ እፎይ አለች። እኔ ውስጤ ነደደ።

ከሆስፒታል ስትወጣ እኔ ነኝ የምወስዳት አልኩ። ሴት ልጇ እያለሁ ወንድ ልጅ ገላዋን ያጥባት? ወንድሜ ልብሶቿን አጣጥፎ ባጃጁ ውስጥ ሲያስገባ ፊቱን ላለማየት ዞር አልኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምን ልዋሽ! በስተመጨረሻ የእኔ ሆነች።

ሳሎን ከጣሪያው ቬንትሌተር ሥር አነጠፍኩላት። አጠብኳት፣ ቅባት ቀባኋት፣ የልጅነቴን እያነሳሁ አወራኋት። እጇን ስታነሳ እሮጣለሁ። ውሃ ነው? አይደለም። ትራሱ ነው? አይደለም። መስኮቱን ልክፈተው? ዓይኗን ትጨፍናለች። እየቆየች እጇን ማንሳት ተወች፤ ቀጥላ ምግብ ተወች። ሾርባው ከከንፈሯ ተመልሶ ይፈሳል። ባለቤቴ «ሴትዮዋ ልጇ ናፍቋታል» ቢለኝ «እኔስ ምኗ ነኝ?» ብዬ ጮህኩበት። ግን ፈራሁ። እጄ ላይ ልትሞትብኝ ነው።

ስልኬን አውጥቼ ለወንድሜ በቪዲዮ ደወልኩ።

ፊቱን እንዳየች እጇ ከአንሶላው ወጣች። አይ እማዬ! በአንድ እጇ ስንቱን አወራችው! ጤነኛው የአፏ ጎን ተሰብስቦ ሳቀች። እሱም ስፌቱን ትቶ ይመልስላታል፣ ይስቃል። «ምን አለ? ምን አለሽ፣ እማ?» እላለሁ። እሷ አትናገር፣ እሱ አይሰማ፣ ማን ይመልስልኝ? በአንድ እጄ ስልኩን እንደያዝኩ በሌላው ሾርባውን አቀረብኩላት። ዓይኗን ከእሱ ሳትነቅል ዋጠች። ደግማ ዋጠች።

ክንዴ ዝሎ ስልኩ መንቀጥቀጥ ሲጀምር እጇን ወደ እኔ ዘረጋች። ልትዳብሰኝ መስሎኝ ፊቴን አስጠጋሁላት። እሷ አውራ ጣቴን ይዛ ከስክሪኑ ላይ ገለል አደረገችው። እሱን ጋርጄባት ኖሯል።