የጠፈር ብናኝ አገኘሁ ብዬ ነበር

«ቲቸር፣ አትቀየሚኝና ይሄ የኔ ነው!»

ዛሬ የትምህርት ቤታችን ጎረቤት፣ በያጁ አብዲ፣ በማይክሮስኮፑ አጎንብሶ አየና እንዲህ አለኝ።

ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ከጠፈር በየቀኑ ደቃቅ ብናኝ ምድር ላይ ይወርዳል። አንዳንዱ አየር ላይ ቀልጦ ድቡልቡል ይሆናል፤ ብረት ያለበትን ደግሞ ማግኔት ይስበዋል።

እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ዝናቡ ካቆመ ጀምሮ ከጣሪያችን አሸንዳ አፈር እየዛቅኩ በማግኔት ስለቅም ከርሜያለሁ። (ጥበቃው ጣሪያ ጠጋኝ መስዬው «የኔንም ቤት እዪልኝ» ብሎኛል።)

ዛሬ አንዲት የምታብረቀርቅ ድቡልቡል አገኘሁና በደስታ ጮህኩ። አብዲም ጩኸቴን ሰምቶ ነው የመጣው።

አላመንኩትም። ብየዳ ቤቱ ሄጄ ወለሉን በማግኔት ጠረግኩ። ተመልሼ በማይክሮስኮፑ ሳየው ቁርጥ እሷን የሚመስሉ ሞልተዋል። ለካ የብየዳ ፍንጣሪ ናት!

እንባዬ መጣ። ግን አልተውም። ቅዳሜ ቀብሪበያ ከተማ ሄጄ ጓደኛዬ ቤት ጣሪያ ላይ እወጣለሁ፤ በዚያ አካባቢ ብየዳ ቤት የለም።

አብዲም «መሰላሉን እኔ እይዝልሻለሁ» ብሏል።

እናንተስ፣ ለወራት የለፋችሁበት ነገር በአንድ ቃል ሲፈርስባችሁ እንዴት ቀጠላችሁ?