የዓርብ አይብ

ነፍሳቸውን ይማርና አክስቴ ረቡዕና ዓርብ አይብ ያወጡ ነበር እንጂ አይቀምሱም ነበር፤ ጾም ነው። አዳማ ጣቢያ ባቡር ሲቆም ግን መንገደኛው ሁሉ ጿሚ አይደለም፤ አይብ የሚገዛ አይጠፋም። ስለዚህ አሬራውን ለዘብ ባለ እሳት ላይ ጥደው፣ አይቡ ከአጓቱ ሲለይ ያጠሉና ለሁለት ይከፍሉታል። ግማሹን በማር ይለውሳሉ፤ ግማሹን በጎመን፣ በጨውና በሚጥሚጣ። ከዚያ በአጥሩ ላይ ወደ ወሎዬዋ ጎረቤታችን ይጣራሉ።

«ከድጃ፣ ነይ ቅመሽና ፍረጂ!»

እትዬ ከድጃ እጃቸውን ታጥበው ይመጣሉ። ስለ ማሩ ምንም አይሉም። በጎመኑ ላይ ግን ፍርዳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ጨው አንሶታል።»

«አላነሰውም! እኔ በአፍንጫዬ ቀምሼዋለሁ» ይላሉ አክስቴ። ክርክሩ ባቡሩ እስኪያፏጭ ይቆያል። በመጨረሻ ጨው ይጨምራሉ፤ የተሸነፉ እንዳይመስል ግን ቁንጥር ብቻ።

በረመዳን ደግሞ ቀማሿ አክስቴ ናቸው። የእትዬ ከድጃን የማፍጠሪያ ሾርባ ፉት ብለው «ጨው በዝቶበታል» ይላሉ። ረመዳንና ሁዳዴ የገጠሙ ጊዜ ሁለቱም ሳይቀምሱ ተከራከሩ።

አክስቴን በቀበርን በሳምንቱ፣ ዓርብ ዕለት፣ አይቡን እኔ አወጣሁና እትዬ ከድጃን ጠራኋቸው። መጀመሪያ የማሩን፣ ቀጥሎ የጎመኑን ቀመሱ።

«ጨው አንሶታል» አሉ።

ጨመርኩ።

ለክርክር ያነሱት እጃቸው በአየር ላይ ቀረ። «እንዲሁ ትጨምሪያለሽ እንዴ?» አሉኝ።