ሙዜ ሰካማቴ የሰጧት ችግኝ

ናልዎጋ ዶክተር ናኪሩን በደንብ አውቃታለሁ ለማለት ትፈራለች። ዓመታት በረዳትነት አብራት ሠርታም የምታውቀው፣ ሻይ ያለ ስኳር እንደምትጠጣና ሰው ሲበዛባት ወደ ጠርሙሶቿ እንደምትሸሽ ብቻ ነው።

ናኪሩ የካራሞጃ ልጅ ናት፤ ወገኖቿ የሚያውቁት ከብት ነው። እዚህ ሉዌሮ ግን ሙዝ የሌለው ቤት ቤት አይባልም። እሷ በገበሬዎቹ ማኅበር ቤተ ሙከራ፣ በጠርሙስ ውስጥ፣ በሽታ ያልነካው የሙዝ ችግኝ ታበቅላለች። የቀድሞው ኃላፊ ጡረታ ሲወጡ በቦታቸው እሷን ጠቁመው ሄዱ። ይሁንታው ግን የማኅበሩ ነውና፣ ገበሬው በሊቀ መንበሩ፣ ለሽማግሌነታቸው ሙዜ በሚባሉት በሰካማቴ ግቢ ተሰበሰበ።

"ወተት ጠጪ ስለ ሙዝ ልታስተምረን?" አለ አንዱ ከኋላ።

"አንተ ዝም በል! ያንተ ሙዝ እንደሆነ ገና ሳትማር ሞቶብሃል" አለችው ጎረቤቱ። ግቢው በሳቅ ተሞላ።

ናኪሩ እንድትናገር ተጋበዘች። ተነሣች፣ "እንደምን ዋላችሁ" አለች፣ ተቀመጠች። በቃ። ናልዎጋ አንገቷን ደፋች።

ሙዜ ሰካማቴን ሳታሳዝናቸው አልቀረችም። ጓሮ ገብተው አንድ ደልደል ያለ ችግኝ ከእናት ተክሉ ጎን ነቅለው መጡ። ከጓሮ ችግኝ መስጠት የጉርብትና ማሰሪያ ነው፤ አልቀበልም ያለ ዳግመኛ እዚያ ቤት አይጠራም።

"እንቺ ልጄ፣ ቢሮሽ ደጃፍ ትከዪው። ከዛሬ ጀምሮ የኛው ነሽ።"

ተጨበጨበ። ናኪሩ እንደ ወጉ ተንበርክካ በሁለት እጇ ተቀበለች። ናልዎጋ እፎይ አለች፤ ግን ምን ዋጋ አለው፣ ናኪሩ ችግኙን አገላብጣ አየችና ቢላዋ ለመነች።

"ይቅር ይበሉኝ፣ አባባ" ብላ ግንዱን አጋድማ ቆረጠችው።

ከቁርጡ መግል የመሰለ ቢጫ ፈሳሽ ቀስ ብሎ ወጣ።

"አጠውልግ የሚባለው በሽታ ነው። እናቲቱ ገና አልጠወለገችም እንጂ ይዟታል። ከዚህ ጓሮ ለማን ለማን ሰጥተዋል?"

"ለእኔ" አለ ያ ከኋላ የቀለደው ሰው፤ ድምፁ ቀጥኗል። "ለእኔም" አሉ ሌሎች።

"እዩት እንግዲህ!" አሉ የሙዜው ባለቤት እማማ ናቡኬራ። "በፍቅር ስንገዳደል ኖረናል።"

ሙዜ ግን ቁርጡን አላዩም፤ ናኪሩን ነው ያዩት። "በደጄ፣ በሰው ፊት፣ ስጦታዬን ቆረጥሽ።"

"አዎ" አለች ናኪሩ።

"የቀድሞው አለቃሽ በየዓመቱ እጅ ነስተው ይቀበሉኝ ነበር።"

"አውቃለሁ። ቢሮ ሲደርሱ ያቃጥሉት ነበር።"

መጀመሪያ የሳቁት እማማ ናቡኬራ ናቸው። ሙዜ ቁርጡን አንዴ አዩና ወደ ተሰብሳቢው ዞሩ። "በሉ እጅ አውጡ" አሉ። "እሷ ትሁን። ጓሮዬንም ነገ መጥታ ታቃጥልልኝ። በስተኋላዬ ከሚቃጠል እያየሁት ይቃጠል።"

እጆች ወጡ።

ሲመለሱ መኪናውን የምትነዳው ናልዎጋ ነበረች። ጥቂት እንደሄዱ አላስችል አላት።

"ዶክተር፣ ያ ችግኝ ንጹሕ ቢሆን ኖሮ እውነት ቢሮው ደጃፍ ይተክሉት ነበር?"

ናኪሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ በመንገዱ ዳር ያለውን የሙዝ ተክል ስታይ ቆየች።

"ቀስ በይ" አለች፣ "ከፊትሽ ጉድጓድ አለ።"