በስፌቱ የተፈታ ድንኳን

ባለፈው እሑድ ጠዋት ጥሩምባ ሰማሁና፣ ልክ እናቴ ታደርግ እንደነበረው ነጠላዬን ከምስማሩ ላይ መንጭቄ በር ላይ ወጣሁ። «ማን ነው? ማን አረፈ?» ብዬ የጎረቤቴን ልጅ ሰላምን ስጠይቃት፣ ሳቋን በመዳፏ አፍና «እትዬ አስኒ፣ ደጋፊዎች ናቸው እኮ፤ ኳስ ሊያዩ እየሄዱ ነው» አለችኝ። እውነትም ማሊያ የለበሱ ወጣቶች የሞሉት ሚኒባስ በየመስኮቱ የፕላስቲክ ጥሩምባ እያስነፋ ወደ ከተማ ሲወርድ አየሁት። ተመልሼ ገባሁ፤ ነጠላዬን ግን ቶሎ አላወለቅኩትም። ባለቤቴ ገመቹ ካረፈ ገና ዓመት አልሞላውም፤ ጆሮዬ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላም ጥሩምባ ሲሰማ የሚያስታውሰው አንድ ነፊ ብቻ ነው፤ የገመቹን አባት፣ ኦቦ ቱሉን።

ያደግኩት ከቡራዩ መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብላ፣ በአንድ ቀጭን ወንዝ ግራና ቀኝ በተቀመጠች መንደር ነው። በአማርኛ ጥድ ወንዝ፣ በኦሮምኛ ለገ ጋቲራ ትባል ነበር፤ ሁለቱም ስሞች የሚናገሩት ስለ ወንዙና ዳሩ ላይ ስለቆመው ትልቅ ጥድ ነው። ጥዱን ማን ተከለው በሚለው ግን ስምምነት አልነበረም። ኦቦ ቱሉ ቅድመ አያታቸው ከብቶቻቸውን ያሳርፉበት የነበረ ጥድ ነው ይሉ ነበር፤ የእኛ ወገን ሽማግሌዎች ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ የመጀመሪያ ቄስ ችግኙን ከአገራቸው በአኮፋዳ ይዘው መጥተው እንደተከሉት ይምሉ ነበር። ነገሩ ሲከር አባቴ «እስቲ ጥዱን ጠይቁት» ብሎ ሁሉንም ያስቃቸው ነበር። አባቴ አበራ በወጣትነቱ ከሰሜን ሸዋ መጥቶ እዚያው የቀረ ልብስ ሰፊ ነበር። ቤታችን ከወንዙ ወዲህ፣ የኦቦ ቱሉ ቤት ከወንዙ ወዲያ፣ ቤተ ክርስቲያኑም ከወዲያ፣ ወፍጮው ግን ከወዲህ ነበር፤ ስለዚህ ሳይሻገር የሚውል ሰው አልነበረም።

ክረምት ሲገባ ወንዙ ሞልቶ መሻገሪያ ድንጋዮቹን ሊውጥ ይደርስና፣ የመሀሉ ትልቁ ድንጋይ ብቻ ጀርባው ይታይ ነበር። በመንደሩ ሰው ያረፈ እንደሆነ ኦቦ ቱሉ ጎህ ሲቀድ ቦቲ ጫማቸውን አጥልቀው፣ እዚያ ድንጋይ ላይ ቆመው ጥሩምባቸውን ይነፉና፣ መጀመሪያ ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው በአማርኛ፣ ከዚያ ወደ ወዲያኛው ዞረው በኦሮምኛ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይጣሩ ነበር። መጨረሻቸው ሁልጊዜ አንድ፣ በሁለቱም ቋንቋ ያው ጥሪ ነበር፤ «ኑ! ኮታ!» እናቴ እሳት እያያያዘች «እኚህ ሰውዬ አንዱን ሰው ሁለቴ ገደሉት» ትል ነበር፤ እያለችም ነጠላዋን ታነሳ ነበር። አንድ ቀን ኦቦ ቱሉ ሲያልፉ ይህንኑ በፊታቸው ብትላቸው፣ «ሁለቴ ካልተጠራ ሁለቴ አይለቀስለትም፣ የአስኒ እናት» ብለዋት ሄዱ።

መንደሯ አንድ እድር፣ እድሩም አንድ ድንኳን ነበረው። ድንኳኑን የሰፋው አባቴ ነው። እኔ ከመወለዴ በፊት የወዲህም የወዲያም ሰው አዋጥቶ ሸራ ተገዝቶ፣ አባቴ በእግር በሚረገጠው የስፌት መኪናው ለብዙ ቀን ሲገጣጥመው እንደሰነበተ እናቴ ነግራኛለች። ጫፉ ላይ፣ ምሰሶው ተሸክሞት በሚቆምበት ቦታ፣ ሸራው እንዳይቀደድ ብሎ ሁለት ወፍራም የበሬ ቆዳ ደርቦ ሰፍቶበት ነበር። በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ ሜዳው በአደይ ቢጫ ሲሆን፣ ድንኳኑ ከዕቃ ቤት ወጥቶ ይሰጣና የክረምቱ ሻጋታ ይራገፍለት፣ የተተረተረውም ይጠገን ነበር። አባቴ የስፌት መኪናውን በሁለት ሰው አሸክሞ ሜዳው ላይ ያስቀምጣል። ሸራ ከባድ ነው፣ ለብቻ አይሰፋም፤ ከመርፌው ወዲህና ወዲያ ሰው ካልያዘው ክብደቱ ራሱ ስፌቱን ያጣምመዋል። በወዲህ በኩል የምይዘው እኔ ነበርኩ፤ በወዲያ በኩል የኦቦ ቱሉ ልጅ ገመቹ። ገመቹ ነገር ማዝገም አይወድምና እየሳበ ያስቸግር ነበር።

«አትጎትት!» ይለዋል አባቴ።

«ቶሎ እንዲያልቅልህ ብዬ እኮ ነው።»

«ማን ቸኮለ? አትጎትት፤ ያዘው ብቻ።»

ኦቦ ቱሉ ከጥዱ ሥር ተጋድመው «አበራ፣ ልጄን ሙያ አታስተምርብኝ፤ ኋላ ሱሪዬን ጠባብ አድርጎ ይሰፋዋል» ይሉ ነበር። እኔ ያን ጊዜ ድንኳን የሞት ዕቃ መሆኑን ረስቼ፣ የመስከረም ደስታ ብቻ አድርጌ እቆጥረው ነበር።

በጋው ገብቶ ወንዙ የቀጠነ ጊዜ፣ ሜትር የተጠቀለለበት መዘውርና የቀይ ቀለም ቆርቆሮ የያዙ ሰዎች መጡ። ልጆች ተከተልናቸው። እየለኩ ወረዱና ከጥዱ ግንድ ላይ፣ ከዚያም ኦቦ ቱሉ ከሚቆሙበት ድንጋይ ላይ ቀይ ምልክት ቀቡ። ከወንዙ ወዲህ አዲስ አበባ፣ ከወንዙ ወዲያ ኦሮሚያ ሆነ። መጀመሪያ መቀለጃ ነበር። እናቴ ጨው ልትበደር ስትሻገር «ኬላ ላይ እንዳልፈተሽ» ትል፣ ኦቦ ቱሉም ወፍጮ ቤት ሲመጡ «አዲስ አበባ ልወርድ ነው፣ ምን ላምጣላችሁ?» ብለው ሚስታቸውን ያስቁ ነበር። ከዚያ መታወቂያው ሁለት ዓይነት ሆነ፤ የእኔና የገመቹ ትምህርት ቤትም ተለያየ፤ መብራቱም ለአንዱ ዳር ገብቶ ለሌላው ዘገየ። እንግዳ መጥቶ «እናንተ የት ናችሁ? አዲስ አበባ ነው ቡራዩ?» ሲል፣ ድሮ «ጥድ ወንዝ» ይል የነበረ ሰው ቆም ብሎ ማሰብ ጀመረ። ስለ ጥዱ ክርክር ሲነሳም የሚስቅ ሰው ጠፋ።

በአንዱ በልግ፣ እድሮች በየቀበሌያቸው ይመዝገቡ የሚል ትእዛዝ መጣ። አንድ እድር በሁለት ቀበሌ ሊመዘገብ አይችልም ተባለ። ስብሰባው ከጥዱ ሥር ነበር፤ እኔ እናቴ ጀርባ ተሸጉጬ አዳመጥኩ። ሰዉ እንደ ወትሮው ተቀላቅሎ ሳይሆን ወዲህና ወዲያ ሆኖ መቀመጡን ያየሁት ያን ቀን ነው። ድስቱ፣ አግዳሚ ወንበሩና ብርጭቆው በቀላሉ ተከፈለ። ድንኳኑ ላይ ሲደርሱ ግን ሁሉም ተነሳ።

«ድንኳኑ ያደረው በእኛ በኩል ነው፤ የእኛ ነው» አለ ከወዲህ አንዱ።

«መሬቱ የማን ሆነና ነው ያደረው? መጤ ሁሉ!» አለ ከወዲያ ሌላው።

«መጤ? ሞታችሁን ስናለቅስ መጤ አላላችሁንም!»

ኦቦ ቱሉ «በየወሩ እየተቀባበልን እንጠቀምበት» ቢሉ «በወሩ የወሰደ ይመልሳል?» ብለው ከሁለቱም በኩል አፋቸውን አስያዟቸው። በመጨረሻ ማን እንደተናገረው አላውቅም፣ «እኩል ይቆረጥ» የሚል ድምፅ መጣ፤ ጉዳዩ ፍትሕ ስለመሰለ ሁሉም ተቀበለው። አንዱ መቀስ ይዞ ሲነሳ ግን አባቴ መንገዱን ዘጋበት።

«የሰፋሁት እኔ ነኝ» አለ፤ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ። «መለየቱ ካልቀረ በስፌቱ እፈታዋለሁ። በመቀስ የተቆረጠ አይገጥምም፤ የተፈታ ግን ይሰፋል።»

በማግስቱ ሜዳው ላይ ቁጭ ብሎ ራሱ የሰፋውን በምላጭ ጫፍ አንድ በአንድ እየበጠሰ ሲፈታው ዋለ። እኔ በወዲህ፣ ገመቹ በወዲያ ይዘን ነበር። ያን ቀን ገመቹ አልጎተተም። ቆዳው ጋ ሲደርስ አባቴ ብዙ ቆየ፤ እሱንም ፈትቶ ለሁለቱም በኩል አንድ አንድ ቆዳ ሰጣቸው። ሲያልቅ ሰዉ ግማሽ ግማሹን ተሸክሞ፣ ጥሩ ሥራ እንደሠራ ሰው ረክቶ ሄደ። ግማሽ ድንኳን ጉልላት የለውም፣ በምሰሶ አይቆምም የሚለውን ያሰበ ማንም አልነበረም፤ ወይም አባቴ አስቦት ይሆናል።

በዚያው ክረምት አባቴ ታሞ ብዙም ሳይቆይ አረፈ። የእኛ አዲሱ እድር የራሱን ነፊ ቀጥሮ ስለነበር፣ በሰፈራችን መንገድ ብቻ እየዞረ በአማርኛ ለፈፈ። የነፊው ድምፅ ገና ሳይርቅ ከወንዙ በኩል ሌላ ጥሩምባ ተነፋ። ኦቦ ቱሉ ቀይ ቀለም የተቀባው ድንጋይ ላይ ቆመው ነበር። የእድራችን ሰው ሮጦ ሄዶ «ኦቦ ቱሉ፣ ለእኛ ሰው የእኛ ነፊ አለ እኮ» ቢላቸው፣ «ያንተ ነፊ አንዴ ነው የጠራው፤ አበራ ሁለቴ ይጠራል» ብለው ፊታቸውን ወደ ወዲያ አዞሩ። ድምፃቸው መሀል ላይ ሲሰበር ሰማሁት። «ኑ! ኮታ!» የሚለውን ግን አልተዉትም።

ግማሹ ድንኳን ከቤታችን ግድግዳ ጋር ታስሮ ተወጠረ፤ ክፍቱ ጎን ግን የሚይዘው አጥቶ እየወደቀ ዝናቡን በለቀስተኛው ላይ ያፈስ ጀመር። ኦቦ ቱሉ ተሻግረው ሌላውን ግማሽ ሊጠይቁ ሄዱ። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የያዘው ሰው «ሕጋችን ለአባል ብቻ ነው የሚለው፤ አበራ አባላችን አይደለም» እንዳላቸው፣ እሳቸውም «የሰፋው ማን ሆነና?» ብለው ሲጠይቁት «እሱ ሌላ ነገር ነው» እንዳላቸው ኋላ ገመቹ ነገረኝ። ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ከዚያ የሸራውን ክፍት ጠርዝ ከፍ አድርገው በእጃቸው ያዙት። ቀኝ እጃቸው ሲዝል በግራ፣ ግራው ሲዝል በቀኝ እያሉ፣ አስከሬኑ እስኪወጣ ድረስ ምሰሶ ሆነው ቆሙ። ውኃው በክንዳቸው ወርዶ ካፖርታቸው ውስጥ ይገባ ነበር። እናቴ «ኧረ ይቀመጡ በሞቴ» ብትላቸው «እዚህ ጋ ነበር የሚገጥመው» ብቻ አሏት። ከወዲያ ያሉት ጎረቤቶቻችን ከወንዙ ዳር ጃንጥላ ይዘው ቆመው ያዩን ነበር። ሬሳው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሻገር አንዳንዶቹ እያለቀሱ ተከተሉ፤ አንዳንዶቹ እዚያው ቆመው ቀሩ። እነዚያ የቆሙት ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ብዙዎቹ አባቴ በሰፋው ልብስ የተዳሩ ናቸው።

ገመቹና እኔ ስንጋባ ከሁለቱም በኩል ያጉረመረመ ነበር፤ ኦቦ ቱሉ ግን «ኢንተላ ኮ»፣ ልጄ፣ ብለው ጉንጬን ሳሙኝ። እድሮቹ የብረት ድንኳን ሲገዙ የወዲያኛው ግማሽ ተጥሎ ገመቹ በትከሻው አመጣው፤ የወዲህኛውን እናቴ ለምና አስቀረችው። ሁለቱም ከጓዳችን ተነባብረው ተቀመጡ። መስከረም በመጣ ቁጥር ገመቹ «ዘንድሮ እንሰፋዋለን» ይል ነበር። «ለማን?» ስለው «ለመጣ ሰው» ይለኝ ነበር። ግን ጨለማ ለብሶ ለሥራ ታክሲ ሊይዝ ይወጣል፣ ደክሞ ይመለሳል። ኋላም ሰው ከሰላምታ በፊት ማንነትህን የሚጠይቅበት ጊዜ መጣና፣ የእድር ድንኳን በግቢያችን መዘርጋት ሞት መጥራት ሆኖ ታየን። እሱ ሲያርፍ ሞቱ በስልክ ተነገረ፤ ልቅሶውም ከሚያከራዩ ሰዎች በመጣ ነጭ ድንኳን ሥር ሆነ። ድንኳኑ አያፈስም ነበር። የወዲህም የወዲያም ሰው መጥቶ በላስቲክ ወንበር ተቀመጠ፣ እኔም አመሰገንኩ፤ ዓይኔ ግን ጠርዙን ይዞ የቆመ ሰው ይፈልግ ነበር።

እሑድ ዕለት፣ ጥሩምባው ካለፈ በኋላ፣ ሁለቱንም ግማሽ ጎትቼ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ዘረጋኋቸው። ሰላም በበሩ ስታልፍ አይታኝ ገባች። የአባቴ የመርፌ ቀዳዳዎች እስካሁን አሉ። ከታች ጀምሬ ቀዳዳ ከቀዳዳ ሳገጥም እስከ ጉልበቴ ቁመት ድረስ ገጠመልኝ፤ ከዚያ በላይ ግን ወጣ ወጣ እያለ ሄደ። ከሥር የነበረው እርጥብ መሬት ላይ ኖሮ ተኮማትሯል፤ ከላይ የነበረው በደረቅ ኖሮ ረዝሟል። አባቴ የተፈታ ይሰፋል ሲል እውነቱን ነበር፤ እስከ መቼ እንደሚጠብቅ ግን አልነገረንም፣ እኛም አልጠየቅነውም። ያን ጊዜ ሸራው ልክ ነበር፣ ወንዙን የሚሻገር እግር ግን ጠፋ፤ ዛሬ በወንዙ ላይ ድልድይ አለ፣ መኪና ያለማቋረጥ ይመላለስበታል፣ ሸራው ግን ልኩን ረስቷል።

«እትዬ አስኒ፣ አይገጥምም እኮ» አለች ሰላም ወዲያኛውን ጠርዝ አንስታ። «ልጎትተው?»

መርፌዬ ላይ ክር እያስገባሁ ነበር።

«አትጎትቺ» አልኳት። «ያዢው ብቻ።»