ክልክላችንን የወረሰው ቅንጬ

ሁለት ሺህ አሥራ አምስት ዓመተ ምሕረት ሲገባ ሰባ አንድ ዓመቴ ነበር። ሰባ አንድ የምለው እናቴ በነገረችኝ ነው፤ የተጻፈ ነገር የለኝም። ፊደልም ቢሆን በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በግድ ከቆጠርሁት ሌላ አላውቅም። ጽሕፈቴ ቢንጋደድ አንባቢ ይቻለኝ። ነገሩ ግን አልተንጋደደም።

የምንኖረው ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ፣ ከአስፋልቱ ወደ ቆላው ዝቅ ባለው በኩል ነው። መንደራችን የወል ሣር አለው። ክልክል እንለዋለን፤ ክረምቱን ሙሉ ከብት አይረግጠውም። ሣሩ አድጎ፣ ፍሬውን መሬት ላይ ጥሎ፣ ጥቅምት ሲገባ ይከፈታል። አከፋፈቱም ወግ አለው። በመንደሩ ዕድሜው የገፋው ወንድ በጠዋት ላሙን ነድቶ ያስገባል፤ ከዚያ ሁሉም ይከተላል። ከሱ ቀድሞ ከብቱን ያስገባ ሰው ለሰርጉም ለሐዘኑም የሚቆምለት የለም። ታላቅ ወንድሜ ሲሞት ይሄ ነገር እኔ ላይ ወደቀ።

ያ ሣር እንዴት ያለ ሣር ነበር! ሰርዶው ከሥር መሬቱን ጨብጦ ይይዛል፤ ጎርፍ ቢመጣ አይለቅም። ሰንበሌጡ ከላይ ይቆማል፤ ቤት የከደንነው በሱ ነው። በመካከላቸው ስሙን የማላውቀው ስንት ዓይነት ሐረግና ቅጠል ነበር። እኔ ባላውቀው ላም ታውቀዋለች፤ በምላሷ እየለየች ታወጣዋለች። ጨጎጊትም ነበረ። ጨጎጊት ልብስ ላይ ይለጠፋል፣ ያናድዳል፤ ግን ጎረቤቱን ከመሬቱ አያስነሳም። ዝናብ ሲያጥር አንዱ ቢደርቅ ሌላው ይደርሳል። ከብት አንዱን ሲግጠው ሌላው ይሸፍነዋል። ደቦ ነበር የሚመስለው።

ከዚያ ቅንጬ የሚባለው አረም መጣ። ነጭ አበባው ተከክቶ የተሰጣ ቅንጬ ስለሚመስል ነው እንዲህ የምንለው። አንዱ በእርዳታ ስንዴ ውስጥ መጣ ይላል፤ ሌላው ከጣርማ በር በሚወርደው መኪና ጎማ ተጣብቆ ነው ይላል። እኔ ያየሁትን ልናገር። መጀመሪያ ያየሁት በአስፋልቱ ዳር ነው። በማግሥቱ ዓመት በቦዩ ዳር አየሁት። ከዚያ በኋላ ያላየሁበትን ቦታ ብትጠይቁኝ ይቀላል።

ከውጭ የመጣ ተክል ሁሉ ክፉ ነው አላልሁም። በቆሎም፣ ፓፓያም፣ ማንጎም ለዚህ አገር እንግዳ ነበሩ። ማሾን በልጅነቴ አላውቀውም፤ ዛሬ ቆላው ሁሉ ማሾ ነው። እነዚህ ስትተክላቸው ይበቅላሉ፣ ስትተዋቸው ይቀራሉ። እንግዳ «ቤቶች!» ብሎ ነው የሚገባ፤ ባለቤቱ በሰጠው ቦታ ነው የሚቀመጥ። ቅንጬን ማን ተከለው? ማን ግባ አለው? ሥሩ መሬት ውስጥ ምን እንደሚተፋ አላህ ይወቅ፣ አጠገቡ ያለ ሰርዶ ይገረጣል፣ ይቀጭጫል፣ ይጠፋል። ከብት ካልቸገረው አይነካውም። ደግሞ የወራት ወግ የለው፤ ትንሽ እርጥበት ካገኘ ያብባል፣ ያፈራል፣ እንደገና ይበቅላል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን አረሙ ብቻ አይደለም። አረም አረም ነው፤ ምን ይደረጋል። የሚያንገበግበኝ የገዛ ሰዎቻችን ሥራ ነው። መጥረጊያ አደረጉታል! የደረቀውን ቅንጬ ከነፍሬው ነቅለው፣ አስረው፣ ደጅ ይጠርጉበታል። ደጁስ ይሁን፤ አውድማውን ይጠርጉበታል። ሲያልቅ ደግሞ ወስደው የሚጥሉት የት ነው? ክልክሉ ጥግ! አንድ ቀን ታላቅ እህቴ ማሽላ ልትወቃ አውድማዋን በዚያ ስትጠርግ ደረስሁባት።

«እትዬ፣ ይሄን ነገር አትንኪው አላልሁሽም?»

«ታዲያ በምን ልጥረግ? በጺምህ?»

«ፍሬው እየረገፈ ነው እኮ! አውድማሽ ላይ ቅንጬ እየዘራሽ ነው።»

«እኔ እየጠረግሁ ነው። ወሬ የምትዘራው አንተ ነህ።»

ይሄን የምትለኝ እጇን እስከ ክርኗ እያከከች ነው። ያሳክካታል፣ ያስላታል፣ ግን መጥረጊያዋን አትጥልም። ወላሂ፣ በእህቴ የተነሳ ስንት ቀን ምሳዬ ሳይጥመኝ ቀርቷል።

ሰባ አንድ በሞላኝ በዚያ ዓመት ክረምቱ ቶሎ ወጣ። መስከረም ሳያልቅ መሬቱ ነጣ። ያለፈው ዓመት አገዳ አልቆ ከብቱ የሚበላው ጠፋ። እኔ ያለችኝ አንዲት ላም ናት። በመንገድ ዳር አሠማራናት፤ በመንገድ ዳር ያለው ደግሞ ቅንጬ ነው። ርቧት ነካችው። የልጄ ሚስት አራስ ነበረች። ልጄ ሸዋ ሮቢት ባጃጅ እየነዳ ውሎ ስለሚመጣ ወተቱን የማቀብላት እኔ ነበርሁ። አንድ ቀን ጎንጨት አደረገችና ፊቷን አዙራ ተፋችው።

«አባባ፣ አይቀየሙኝና ወተቱ እሬት ሆኗል።»

ቀመስሁት። እሬት ነው። አፈላነው፤ ያው ነው። አራስ ሴት የገዛ ላማችንን ወተት መጠጣት አቃታት። እኔ በዕድሜዬ ረሃብ አይቻለሁ፤ ላም ታልባ፣ ወተቱ ቅል ሞልቶ፣ የሚጠጣው ሲጠፋ ግን አይቼ አላውቅም።

በዚያው ሳምንት ከጁምዓ ሶላት በኋላ የመንደሩ ወንዶች ከመስጊዱ ደጅ ካለው ግራር ሥር ተቀመጡ። አንድ ጎረቤት አለኝ፤ በዕድሜ ልጄ ይሆናል፤ ከመንደሩ ሁሉ ብዙ ከብት ያለው እሱ ነው። እሱ ጀመረ።

«አባባ፣ ከብት ማለቁ ነው። ክልክሉ ይከፈት። ነገ ጠዋት ላምዎን ያስገቡልን።»

«ሣሩ ፍሬውን አልጣለም» አልሁት።

«የቱ ሣር? ግማሹ ቅንጬ ነው እኮ።»

«ለዚህ ነዋ! በሬህ ቅንጬውን ትቶ ሣሩን ነው የሚበላ። የቀረችውን ሣር ሳታፈራ ካስበላሃት የሚመጣው ዓመት ሁሉም ቅንጬ ነው። ቅንጬ ጠላቱን በአንተ በሬ ጥርስ እያስጨረሰ ነው!»

ከኋላ አንዱ፣ «ምን አለበት፣ አረንጓዴ ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት ያምራል» ብሎ ሰዉን አሳቀ።

«ላም ከሩቅ ነው የምትበላው?» አልሁ። ደሜ ፈላ። «ይሄ መጤ መሬታችንን ወርሶ እናንተ መልኩን ታደንቃላችሁ?»

ሳቁ ቆመ። አንድ ዝምተኛ ሰው፣ በዚያ የግርግር ጊዜ ከአጣዬ ቤቱ ተቃጥሎበት ወደኛ የመጣ፣ ቀስ ብሎ፣ «አባባ፣ ያንን ቃል ባይናገሩት። ያ ቃል በዚህ አገር ቤት አቃጥሏል» አለኝ።

እውነቱን ነው። በሰው ላይ ይሄን ቃል አፌ አያወጣውም፤ ማንም እንዲያወጣውም አልፈቅድም። «አያቴ ራሱ አርጎብኛ እየተናገረ ከሌላ ቀዬ መጥቶ ነው እዚህ የሰፈረው» አልሁት። «ተዛመደ፣ ደቦ ወጣ፣ የሞተ ቀበረ። ሰው እንዲህ ነው። የማወራው ስለ አረም ነው። ቅንጬ ከማን ጋር ተዛመደ?»

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። ባለ ብዙ ከብቱ ጎረቤቴ ግን አልለቀቀኝም።

«ታዲያ ምን ይሁን ነው የሚሉት?»

«ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው ይውጣ። ሳያፈራ ከሥሩ እንንቀለውና እናቃጥለው። ሣሩ ዘሩን እስኪጥል እንታገሥ።»

«መታገሥ ለእርስዎ ቀላል ነው፤ ያለችዎ አንዲት ላም። እሷን በምንም ያኖሯታል። እኛስ?»

ይሄ ነገር ወጋኝ። ቤቴ አራስ መራራ ወተት እየተፋች፣ እኔ ጠግቤ የምከለክል አስመሰለኝ። ብዙዎቹም ከሱ ጋር ሆኑ። ነገ ጠዋት ከብታቸውን ነድተው ክልክሉ በር ላይ ሊጠብቁኝ ተስማሙና ተነሱ። እኔን እሺ በል ያለኝ እንኳ የለም፤ እሺ እንደምል ቆጥረውታል።

ቤት ስገባ እህቴ ቀድማኝ ደርሳለች። ወሬው ከኔ ፈጥኖ ሄዷል።

«አንተ ግትር! አራስ ቤት አስቀምጠህ በሣር ትጣላለህ? ላሟን አስገባና ወተቱ ይጣፍጥ። የሚመጣውን ዓመት አላህ ያውቃል።»

«አላህማ ያውቃል፤ እኛም እናውቃለን እኮ! አውቀን ነው የምናጠፋው።»

«አንተ ብቻህን አገሩን ልታድን?»

«አገሩን አላልሁም። ክልክሉን ነው ያልሁት።»

«ክልክሉን ቅንጬ ከበላው ቆየ፤ አንተ የምትጠብቀው ስሙን ነው» አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። እውነት የሌለበት ነገር ቢሆን ባልተናደድሁ።

የልጄ ሚስት ከመጋረጃው ወዲያ ሆና ሁሉን ሰምታለች። «አባባ፣ ለኔ ብለው እንዳያስገቡ» አለችኝ። «እኔ አብሽ እጠጣለሁ።» እንዲህ በማለቷ ይበልጥ ተናደድሁ። በማን እንደሆነ ግን አላውቅም። አራሷ ከኛ ከጺም ባለቤቶቹ ይልቅ ትታገሥ?

በነጋታው ሱብሒ ሰግጄ ማጭዴን ይዤ ወጣሁ። የሄድሁት ወደ ክልክሉ ሳይሆን ወደ ማሽላዬ ነው። እሸቱ ገና ወተት የያዘ ነበር፤ የዓመት ቀለባችን ነው። ከዳር ጀምሬ ከነራሱ አጨድሁት። ሸክሙን በትከሻዬ አድርጌ በመንደሩ መካከል አለፍሁ፤ ያየኝ ይየኝ ብዬ። ላሟን ደጄ ላይ፣ መንገደኛ ሁሉ በሚያያት ቦታ አሠርሁና ማሽላውን ፊቷ ጣልሁላት።

ከዚያ ወደ ክልክሉ ወረድሁ። ጎረቤቴ ከብቱን ሰብስቦ በሩ ላይ ቆሟል፤ ሌሎቹም ከኋላው አሉ።

«አባባ፣ ላምዎስ?»

«ቤት ናት። ማሽላዬን እየበላች ነው።»

«ማሽላውን? ገና ሳይደርስ?»

የኔ ላም ካልገባች የሚገባ ከብት እንደሌለ ያውቃል። ከኪሴ ሁለት ፌስታል አውጥቼ እጆቼ ላይ አሠርሁ፤ ከበሬዎቹ ፊት፣ በሩ ሥር፣ ጎንበስ ብዬ የመጀመሪያውን ቅንጬ ከነሥሩ ነቀልሁት።