ያለ እሳት የሚሞቀው ሳሙና

ኻሚስ ከሞተ ሦስት ወሩ ነው። አሶሳ ከገበያው ጀርባ ባለው ቤታቸው ከሰሊጥ ዘይት ሳሙና ይሠሩ ነበር፤ ዘይቱን ኮስቲክ ሶዳ ከሚባለው የሚያቃጥል ኬሚካል ጋር የሚያዋህደው እሱ፣ ቆርጣ የምትሸጠው ሚስቱ ኡምኩልሱም። ከመሞቱ በፊት ያስጨመቀው አንድ ጄሪካን ዘይት ጥግ ላይ ቆሞ ቀርቷል። ወጥ ልትሠራበት አልሆነላትም፤ ተበላሽቶ ልታየውም አልፈለገችም። እሱ ለሳሙና ያመጣው ነውና ሳሙና መሆን አለበት።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጀመረች። ኻሚስ ሁልጊዜ ሶዳውን ውሃው ላይ ነበር የሚጨምረው እንጂ ውሃውን ሶዳው ላይ አያፈስም፤ ይህን አልረሳችም። የሚበጠብጠው በፕላስቲክ ባልዲ ነበር። ሶዳው ውሃ ሲያገኝ እንደሚግል ስለምታውቅ ግን ባልዲው ይቀልጥብኛል ብላ ፈራች፤ ይጠነክራል ያለችውን የአሉሚኒየም ድስቷን አቀረበች።

ሶዳው ከገባ ብዙም ሳይቆይ ድስቱ ያለ እሳት ይንተከተክ ጀመር። አረፋው ጠቆረ፤ ጉሮሮ የሚከረክር እንፋሎት ወጣ። ኬሚስትሪ የምታስተምረው ጎረቤቷ መምህርት ሸዋሉል ሳሏን ሰምታ መጣች፤ መጀመሪያ ያደረገችው አጠገቡ ይነድ የነበረውን የከሰል ምድጃ ማራቅ ነበር።

«ሶዳው ድስቱን እየበላው ነው፣ እትዬ ኡምኩልሱም። የሚወጣው ጋዝ እሳት ካገኘ ይነድዳል። ዘይቱን ጨምረሻል?»

«ዘይቱን ገና አልነካሁትም።»

አረፋው ሲበርድ የድስቱ ውስጥ ተቦርቡሮ ታየ። ኡምኩልሱም ባልዲውንና ድስቱን እያፈራረቀች አየች።

«ኻሚስ ቢያይ ይስቃል» አለች። «ሶዳው ብረት በላ፣ ፕላስቲክ ፈራ።»

በተረፈው ሶዳ፣ በኻሚስ ባልዲ እንደገና ጀመሩ። ሶዳው ሲገባበት ቀዝቃዛው ውሃ ግሎ እጅ የማያስጠጋ ሆነ፤ ከዚያ ጠራ። ሲበርድ ኡምኩልሱም ዘይቱን ጨምራ፣ ማማሰያ እንጨቱ ያለፈበት መስመር ሳይጠፋ እስኪቆይ አማሰለችው። በእንጨት ሣጥን ገልብጣ በብርድ ልብስ ሸፈነችው።

የከሰዓቱን የአስር ሰላት ከሰገደች በኋላ እጇን ከብርድ ልብሱ ሥር ብታስገባ ሣጥኑ ትኩስ ነው። ደንግጣ ሸዋሉልን ጠራቻት። ሸዋሉልም ዳስሳ፣ ዘይቱና ሶዳው ገና እየተዋሃዱ መሆናቸውን፣ ሙቀቱም ከዚያው እንደሚመጣ ነገረቻት።

«ዘይቱ አሁን ተመልሶ አይወጣም?»

«አይወጣም። ዘይትነቱ ቀርቷል፤ ሳሙና ነው።»

ኡምኩልሱም ራሷን ነቀነቀች። ሸዋሉል ከሄደች በኋላም ከሣጥኑ አጠገብ ተቀመጠች፤ ሙቀቱ ቀስ እያለ እስኪለቀው ድረስ እጇን ከላዩ አላነሳችም።